ሁልጊዜ በዚህ ክፈት

ጥቅምት 6 ቀን

ለተወደድከው ልጄ ለድምቡሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሥራውስ፣ ብርዱስ፣ ብቸኝነቱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጆሮዬ ያው እንደምታውቀው ነው። ስልክ ሲጠራ ጥሪውን እሰማለሁ፤ የሚያወራውን ሰው ግን አልሰማም። ስለዚህ ደብዳቤው ይሻለናል። ስትጽፍልኝ ፊደሉን ተለቅ አድርገው።

አጎትህ ካረፈ ይኸው ስምንት ወር ሞላው። ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ልተወው ነበር፤ ሰዉ አላስቀምጥ አለኝ። "እትዬ፣ ለመታወቂያ ነው"፣ "እትዬ፣ ለትምህርት ቤት ነው"፣ "እትዬ፣ ነገ ነው የሚፈለገው"። የሰው ፎቶ ደግሞ ሁልጊዜ የሚፈለገው ነገ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጎኑ ቆሜ ሳይ ኖሬ ካሜራ መጫን እንዴት ያቅተኛል ብዬ ከፈትኩት። ማንሳቱን ለምጄዋለሁ። ኮምፒውተሩም አላስቸገረኝም ነበር፤ ፎቶው ላይ ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ በአጎትህ ፕሮግራም ተስተካክሎ ይመጣል፣ አትማለሁ፣ እሰጣለሁ።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብኝ "ዶክተሩ" የምንለውን ጠጋኝ ጠራሁት። ሰውየው ራሱ ሲያስነጥስ ነው የሚውለው፣ ኮምፒውተር ግን ያድናል። "እትዬ፣ ሲስተሙ አርጅቷል፤ አዲሱን ልጫንበት" አለና ጫነ። ፋይል አልጠፋም፤ ሁሉም በየቦታው አለ። ነገር ግን አሁን ፎቶ ላይ ጠቅ ሳደርግ የአጎትህ ፕሮግራም አይመጣም። ሌላ ጥቁር መስኮት ይመጣና ይከፍተዋል። ፎቶዎቹም ሰፍተዋል። ሁሉም። በግራ በኩል ድሮ ያልነበረ ነገር ተጨምሮባቸዋል፤ የሸራው ጠርዝ፣ ግድግዳው፣ ድሮ ፊልም ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል የሚያስገባው መጋረጃ።

ዶክተሩ "አዲሱ ይሻላል፣ ይለምዱታል" ብሎኝ ሄደ። እኔ መልመድ አልፈልግም። ደንበኛ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ሻርፔን ጣል እያደረግሁ ነው የምሠራው።

አንተ የዚህ ነገር ሰው ነህ። እንደ ድሮው በድሮው ፕሮግራም እንዲከፈት የሚያደርገው ነገር የት እንደተሸሸገ በቅደም ተከተል ጻፍልኝ። ገንዘብ አትላክ። ይህን ብቻ፣ ግን ቶሎ።

የአጎትህ ምርቃት ይከተልህ።

አክስትህ


ጥቅምት 28 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለአጎቴ ቀብር ሳልደርስ መቅረቴ እስካሁን ከደረቴ አልወረደም፤ ስለ ፎቶ ቤቱ ሲጽፉልኝ እሱ ራሱ ሥራ ያዘዘኝ መሰለኝ።

የጠየቁኝ ነገር የዕለት እንጀራዬ ነው። እዚህ የምሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ከላይ ሦስት መቶ ሠራተኛ አለ። ሲስተም በተቀየረ ቁጥር ሦስት መቶውም "ፋይሌ ተበላሸ" እያለ ይወርድብኛል። አይበላሽም። ፋይሉ ያው ነው፤ የተቀየረው የሚከፍተው ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ማውሱን አንድ ፎቶ ላይ ያሳርፉና የግራውን ሳይሆን የቀኙን ቁልፍ ይጫኑ። ዝርዝር ይወርዳል። ከዝርዝሩ ውስጥ "በሌላ ክፈት" የሚለውን ይምረጡ። የፕሮግራሞች ስም ይመጣል፤ የአጎቴን ይፈልጉ። ካላዩት "ተጨማሪ አሳይ" የሚለውን ይጫኑ፣ ከታች ይሆናል። ከዚያ አንዴ ብቻ ከፍተው አይተዉት፤ "ሁልጊዜ በዚህ ክፈት" የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። እሷ ውስጥ ምልክት ያድርጉና እሺ ይበሉ። አለቀ። ሰው ሁሉ የሚስተው ያቺን ሣጥን ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ፎቶዎቹ አልሰፉም፤ ድሮም እንዲህ ነበሩ። የአጎቴ ፕሮግራም ፎቶውን አይቆርጠውም፤ ቆርጦ ያሳያል እንጂ። አጎቴ "ከእያንዳንዱ ፎቶ ግራውን ይህን ያህል አስቀር" ብሎ አዞት ነበር ማለት ነው። እርስዎ የሚያነሷቸውንም በዚሁ ትእዛዝ እየቆረጠ ሲያሳይዎት ከርሟል። አዲሱ ያን ትእዛዝ አያውቅም፤ ያለውን እንዳለ ያሳያል። ለምን ግራውን ብቻ እንደሆነ አልገባኝም። እንደሱ ላለ ጠንቃቃ ሰው ካሜራውን ትንሽ ወደ ቀኝ ማዞር ይቀለው ነበር።

እኔም አንድ ልመና አለኝ። የአጎቴን ጥሩ ፎቶ ይላኩልኝ። ከቻሉ ደግሞ የእናቴን ይፈልጉልኝ። አምስት ዓመቴ ላይ ካጣኋት ወዲህ ፊቷን ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ የእጇ ጀርባ ብቻ ነው። ጣሪያው አፍስሶ ፎቶዎቿ ሁሉ እንደተበላሹ የነገራችሁኝን አልረሳሁም። ግን አጎቴ የድሮ ፊልሞቹን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቷቸው ነበር፤ ምናልባት አንዲት ብትገኝ።

ጤና ይስጥልኝ፤ እጅ እነሳለሁ።

ድምቡሼ


ኅዳር 20 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ያልከውን አደረግሁ። ቀኙን ቁልፍ ስጫን ዝርዝሩ ወረደ። ሣጥኗንም አገኘኋት። የአጎትህ ፕሮግራም በዚያ በሚያውቀኝ ግራጫ መስኮት ብቅ ሲል፣ እሱ ራሱ ከጓዳ "መጣሁ" ያለኝ ያህል ደስ አለኝ። ግራው ጠፋ። ሻርፔን ከስክሪኑ ላይ አንስቼ ለበስኩት።

ሰኞ ጠዋት ስከፍት ተመልሶ ጥቁሩ መስኮት ሆኗል።

እንደገና አስተካከልኩ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ደህና ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ደህና ነበር። የሚቀጥለው ሰኞ ግን ያው ነው። ዶክተሩን ጠርቼ ተቆጣሁት። "በልጆቼ ይሁንብኝ አልነካሁትም" አለ። አመንኩት። ሌላም ነገር አለ፤ ወንበሩን እኔ ከፍ አድርጌ ነው የምቀመጠው። ሰኞ ሰኞ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። ወንበሩም አርጅቷል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው። እንዲያ መሸፋፈኑን ተወው። ግራውን ከነጭራሹ፣ ከፋይሉ ላይ፣ ተመልሶ እንዳይመጣ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ፣ ሁሉንም። አጎትህ ያለ ምክንያት አልቆረጠውም። እንዴት እንደሚደረግ ጻፍልኝ።

የአጎትህን ፎቶ ልኬልሃለሁ። ሸሚዙን የተኮስኩለት እኔ ነኝ።

ደህና ሁን።

አክስትህ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለማከብርዎት እትዬ፣

እንደምን አሉ? የአጎቴ ፎቶ ደርሶኛል፤ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ሰቅየዋለሁ።

ስለ ኮምፒውተሩ እውነቱን ልንገርዎ። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ጥፋቱን ኢንተርኔት ላይ አላክካለሁ፤ ሲስተሙ ማታ ራሱን ያድሳል፣ ጠዋት የሰውን ምርጫ ረስቶ ይነሳል። የእርስዎ ግን ኢንተርኔት አያውቅም። አጎቴ አንድም ቀን አላገናኘውም። ከዓለም ጋር ያልተገናኘ ኮምፒውተር ደግሞ ሰኞ ሰኞ በራሱ ሐሳቡን አይቀይርም። ወንበርም ቢያረጅ ቀን ቆጥሮ አይወርድም። እትዬ፣ እዚያ የሚቀመጥ ሰው አለ።

አይፍሩ፤ ማን እንደሆነ ባይታወቅም ምን እንደሚያይ ማወቅ ይቻላል። የፋይሎቹን ማኅደር ይክፈቱ። በስተላይ "በቅርብ የተከፈቱ" የሚል አለ። እሱን ሲጫኑ ፎቶዎቹ ከነቀናቸው ይደረደራሉ። እርስዎ የከፈቷቸውን ያውቋቸዋል። የማያውቁትን ይጻፉልኝ።

ለዘለቄታው ስለ መቁረጥ የጠየቁኝን አሁን አልነግርዎትም። ከፋይሉ ላይ የጠፋ ነገር አይመለስም። እባክዎ ምንም አያጥፉ።

ስለ እናቴ ፎቶ ጠይቄዎት ነበር። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ምናልባት አንድ ገጽ ቀርቶ ይሆን ብዬ ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት።

በግራ በኩል ምንድነው ያለው?

ድምቡሼ


ጥር 2 ቀን

ልጄ፣

ዝርዝሩን አየሁ። የከፈትኳቸው የደንበኞች ፎቶዎች አሉ። ከእነሱ መሀል እኔ ያልከፈትኩት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ያም አንተ ነህ። ከመሄድህ በፊት በነበረው ሳምንት አጎትህ ለፓስፖርት ያነሳህ። ቀኑን አየሁ፣ እሑድ ነው። በሳምንቱም ከፍቼ አየሁ፣ እሑድ። እሑድ ሱቁን አልከፍትም። ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። የበሩን ቁልፍ በአዲስ አስቀየርኩ። ባለፈው እሑድም ተከፍቷል።

ወደ ፎቶ ቤቱ ስገባ አሁን አስቀድሜ እያሳልኩ ነው የምገባው። ለምን እንደምስል አላውቅም።

ፎቶህን አሁን እንደሚከፈተው፣ ሳይቆረጥ አትሜ ልኬልሃለሁ። እኔ ብዙ አላየሁትም። አንተው እይ። ያየኸውን ለሰው አትንገር።

አክስትህ


ጥር 23 ቀን

ፎቶው ደረሰኝ።

መሀል ላይ በርጩማው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የአጎቴን ከረባት አድርጌ። በፎቶው ግራ በኩል መጋረጃው ገለጥ ብሏል። መጋረጃው መሀል ሴት ቆማለች። ግማሽ ፊቷ ይታያል። እጇን ዘርግታለች፤ የጣቶቿ ጫፍና ትከሻዬ መሀል ያለው ክፍተት ስንዝር አይሞላም። እኔ ወደ ካሜራው እያየሁ ፈገግ ብያለሁ። ምንም የማውቀው ነገር የለም።

መጀመሪያ ላይ ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። ከዚያ ፎቶውን ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ። እትዬ፣ ያ ፊት የእኔ ነው። ቅንድቡ፣ አገጩ፣ ጠበብ ያለው ዓይን እንኳን።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። አጎቴ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ያነሳኝ ነበር። ሁልጊዜ ከመጫኑ በፊት "ትንሽ ወደ ግራዬ" ይለኛል። እጠጋለሁ። "ትንሽ ደግሞ" ይላል። አሠራሩ ይመስለኝ ነበር። ጨለማ ክፍሉን ደግሞ "ኬሚካሉ ዓይን ያጠፋል፣ እንዳትገቡ" ይለን ነበር። አንድ ቀን ከውስጥ ሳል ሰምቼ ስጠይቀው "ማራገቢያው ነው" ብሎኛል።

እናቴ ሞታለች ከተባልኩ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የተነሳ ፎቶ ነው ይሄ።

ማን ናት?


የካቲት 25 ቀን

እትዬ፣

ከጻፍኩልዎ ወር አለፈ። ደብዳቤው እንደደረሰዎ አውቃለሁ፤ በፊርማ ነው የላክሁት። ካልጻፉልኝ ሥራዬን ትቼ ራሴ እመጣለሁ፤ ስመጣም መጀመሪያ የምገባው እርስዎ ቤት አይደለም።


መጋቢት 14 ቀን

ልጄ፣

ልጄ ማለቱን ባትወድልኝም እንዲህ እላለሁ፤ ሌላ የምጠራህ ስም የለኝም። ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

እናትህ ናት።

አንተ አራት ዓመት ሞልቶህ ሳለ ታመመች። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ከዚያ ብቻዋን ማውራት ጀመረች። አንድ ቀን ገበያ ይዛህ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ የት እንደተወችህ አታውቅም። አጎትህ አንድ ቅመም ሻጭ ጉያ ስር ተኝተህ አገኘህ። ያን ቀን ነው "እሷ ባለችበት ቤት ይህን ልጅ አላሳድግም፤ ወይ እሷ ወይ እኔ" ያልኩት። ልጅ አልወለድኩም፤ አንተን እንዳላጣ ፈራሁ። ይህን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም።

ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ሞተች አልን። አለቀስን። ሰዉም ከልቡ አለቀሰላት። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ሟች ናት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አጎትህ ግን እህቱን የትም ሊጥላት አልቻለም። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አልጋ ዘረጋላት። መድኃኒቷን እየገዛ፣ እየታገሠ አስታመማት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዳነች። ፍጹም ዳነች። "አሁንስ እናውጣት" አለኝ። "አልቅሰን የሸኘናትን ሰው በየትኛው በር እናስገባት?" አልኩት። እሱም ዝም አለ። ዝም እንዳለ ኖረ።

ፊልም ታጥብለት ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ የፎቶውን ማስተካከል ሁሉ እሷ ነበረች የምትሠራው፤ ሰው የአጎትህን እጅ ሲያደንቅ የኖረው የእሷን ነው። እኔ ሱቁ ስገባ እሷ መጋረጃውን ታወርደዋለች። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ቤት፣ በአንድ ጨርቅ ተለያይተን፣ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስታስነጥስ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ጆሮዬ ደህና ነበር።

አጎትህ ባረፈ በሳምንቱ ክፍሉን ከፈትኩ። አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው የለም። አልፈለግኋትም። ራሴን "ሞታለች" ብዬ አሳመንኩት፤ ለሁለተኛ ጊዜ።

ከዚያ ሲስተሙ ተቀየረና ፎቶዎቹ ሙሉ በሙሉ ተከፈቱ። የአጎትህ ላይ መኖሯስ ያባት ነው። ራሴ ባነሳኋቸው ላይ ናት እንጂ! አጎትህ ከሞተ በኋላ ባነሳኋቸው፣ የተማሪው ላይ፣ የሹፌሩ ላይ፣ የሙሽሮቹ ላይ፣ ከግራ ቆማ ታየኛለች። ሳነሳ መብራቱ ዓይኔን ስለሚወጋኝ ከሸራው ውጪ ያለው አይታየኝም። በአፌ የገደልኳት ሴት መጣችብኝ ብዬ ነው ቁረጥልኝ ያልኩህ።

ያለፈው እሑድ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየሁ። መጋረጃው ተነሳ። ለካ ጨለማ ክፍሉ ወደ ጓሮ ጎዳና የሚያወጣ በር አለው፤ እኔ አጎትህ በጭቃ ተመርጎ ተዘግቷል ሲለኝ አምኜ ነበር። ገባች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አየችኝ፤ አልደነገጠችም። ወንበሩን ዝቅ አድርጋ ተቀመጠችና ኮምፒውተሩን ከፈተች።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"ከልጄ ጋር አብረን ያለንበትን" አለች ወደ ስክሪኑ እያየች። ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፤ ጆሮዬን ታውቃለች። "አንቺ እየመለስሽ ትቆርጪኛለሽ። እኔ እየመለስኩ እከፍተዋለሁ።"

"የት ነው ያለሽው?"

"ከጓሮ፣ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። አንቺ ቁልፍሽን ይዘሽ እንደምትመጪ ስለማውቅ ነው የወጣሁት።"

ማውሱን ለቀቀች። ከዚያ፣ "አሁን ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ። ታውቃለች እኮ። ቀኑን ሳይቀር ታውቃለች። ከእኔ አፍ መስማት ፈልጋ ነው።

"ሠላሳ አራት።"

"ሞታለች ብሎ ነው የሚያምነው?"

"ጠርጥሯል።"

"እንግዲያው ቀስ ብለሽ ንገሪው" አለች። "እንዳይደነግጥብኝ።"

ይኸው ነገርኩህ። ቀስ ማለቱን አልቻልኩበትም።

አክስትህ


ሚያዝያ 3 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። አለቃዬ "ሰው ሞተብህ እንዴ?" አለኝ። ሳቅሁ፤ ሳቁ አልቆም ብሎኝ ወደ ቤት ላኩኝ።

ስለ ይቅርታ አሁን አይጠይቁኝ። ያሳደጉኝ እጆች እነዚያው ናቸው፣ የፈረሙትም እነዚያው፤ ለየብቻ ላያቸው አልቻልኩም። ጊዜ ይስጡኝ።

እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ። የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት አብረዋት ይሂዱና በእጅዎ የፈረሙትን በእጅዎ ያስነሱ። መታወቂያ ታውጣ። እኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሰኔ ሳይገባ እመጣለሁ።

ለእሷ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጬ "ለ" ብዬ ጀምሬ ከዚያ የሚቀጥለውን መጻፍ አልቻልኩም። እንደዚህ ብለው ይንገሯት።

ድምቡሼ


ግንቦት 8 ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር እኔም ጠፍቶኛል። ለሞተ ሰው ማንም አይጽፍም፣ የሞተ ሰውም ለማንም አይጽፍም፤ ልምዱ የለኝም። አንተ "ለ" ላይ መቆምህን አክስትህ ስትነግረኝ ይብላኝልህ አልኩ። ቸኩለህ አትጨርሰው። ጠብቄ አውቅበታለሁ።

ደህና ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን እወቅልኝ፤ ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ እጄም ደህና ነው። ልብስ ሰፊዋ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ጩኸት ነው። መቀስ በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ይሰማል፤ መቀሱ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ ነው። ከእሷ ጋር መሳቅ ለምጃለሁ።

አጎትህን አትቀየመው። አክስትህን የምትቀየማትን ያህል አንተ ታውቃለህ፤ እኔ በዚያ አልገባም። ያን ቀን ገበያ ውስጥ የተውኩህ ግን እኔ ነኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅመም ሲሸተኝ እጄን እዘረጋለሁ።

እሱ ከሞተም በኋላ ልማድ ሆኖብኝ በሥራ ቀንም ብቅ እል ነበር። አክስትህ ሰው ስታነሳ መጋረጃው ስር ቆሜ አያለሁ፤ ሰው ፊቱን ሲያስተካክል ማየት ደስ ይለኛል። ባለፈው ሁለታችንም አንድ ላይ ተቀምጠን የእሷን ፎቶዎች ከፈትናቸው። እኔን እየቆጠረች "ይኸው፣ ይኸው" ትላለች። ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንተ ልንገርህ፤ ከእነዚያ ውስጥ ሦስቱ ላይ የቆመችው እኔ አይደለሁም። ቀኑን አይቻለሁ። ያን ሳምንት በትኩሳት ተይዤ ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው የተኛሁት፤ ከአልጋ አልወረድኩም። ቁመቷ የእኔ ነው፣ ነጠላ ጫማዋም የእኔ ይመስላል። ፊቷ ግን ወደ መጋረጃው ዞሯል። ያለቀሱላት ያቺኛዋ ትሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ከዚያ ሥራዬን እሠራለሁ። አንተም ብዙ አታስበው።

ስለ ጽሕፈት ቤቱ። ሄድን። አክስትህ ጥሩ ልብሷን ለብሳ፣ ሻርፗን አጥብቃ ነው የመጣችው። ጸሐፊው ወጣት ነው። ስሜን አስገብቶ ስክሪኑን ብዙ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ ስክሪኑን አየው።

"እዚህ ሟች ነው የሚለው" አለ።

"አይደለሁም" አልኩት።

"ምስክር አለዎት?"

አክስትህ ብድግ አለች። "እኔ ነኝ።"

ስሟን አስገባ። እንደገና አየው። "ይቅርታ እናቴ፣ ሞታለች ብለው የመሰከሩት እርስዎ ነዎት ይላል።"

"እኔው ነኝ" አለች።

"አሁን በሕይወት አለች ብለው የሚመሰክሩትስ?"

"እሱም እኔው ነኝ።"

ልጁ ላብ አጠመቀው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጠጋ ጠጋ ብሏል። "በሕይወት መኖሯን ያወቁት መቼ ነው? ቀን ይፈልጋል፤ ባዶ ከሆነ አያልፍልኝም" አላት።

አክስትህ ጆሮዋ እንዳይሳሳት ብላ ወደሱ ጎንበስ አለች። ጥያቄውን ደገመላት። ቀና አለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አላወቅኩም አልልህም" አለችው። "አንድም ቀን። ቀን ካስፈለገህ የፈረምኩበትን ቀን ጻፈው።"

ጻፈው። አለፈለት። ስትወጣ ደረጃው ላይ ክንዷን ያዝኳት። እስከ ቤቷ በር ድረስ አልለቀቅኳትም፣ እሷም አላስለቀቀችኝም።

መታወቂያው ወጥቷል። የሞት ወረቀቱን ግን መሰረዝ ከልጁ ሥልጣን በላይ ሆኖ፣ "ከላይ እስኪፈቀድ ለጊዜው ሁለቱንም ይያዟቸው" ብሎኛል። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ በአንድ ማኅተም፣ በአንድ ስም።

ስትመጣ ጽሕፈት ቤቱ ሄደህ አትጠይቅ፤ ግራ ያጋቡሃል። ከትልቁ መንገድ ወደ ጓሮው ታጠፍና ጩኸት የምትሰማበት ቤት ግባ። በሩ ላይ ለምታገኘው ለማንኛውም ሰው "እናቴ አለች?" በለው።

እዚያ ሁሉም "አለች" ይልሃል።